የመልስ ጉዞ ተሳፋሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ፕሮግራም ሳወጣ ኖሬያለሁ። ሾፌሮቹ «አባ ደቂቃ» ይሉኛል፤ ሊያሽሟጥጡኝ ነው፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይነሣል ብዬ ከጻፍኩ ይነሣል። ተሳፋሪው ሠላሳ ነው ካልኩም ሠላሳ ነው። አዲስ ጸሐፊ መጥቶ አለቃን ደስ ላሰኝ ብሎ ሠላሳውን ሃምሳ ያደረገ እንደሆነ፣ ወረቀቱን እዚያው ፊቱ ላይ እቀድደዋለሁ። «ምኞትህን ለእናትህ ንገራት! እዚህ የሚጻፈው በእርግጥ የሚሳፈረው ሰው ብቻ ነው» እለዋለሁ።

ታዲያ እህቴ ባለፈው ወር ጠርታ «ጋሼ፣ እስቲ ፕሮግራም አውጣልኝ» ስትለኝ ምን ይዋጠኝ?

ታናሼ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ የሚያቃጥል ስለሆነ ቅመም ነው የምንላት። ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። ስህተት ከዓይኗ አያመልጥም፤ የሰርግ መጥሪያ እንኳ ሲደርሳት ማን እንዳገባ ከማየቷ በፊት ቀኑና ዕለቱ መግጠማቸውን ነው የምታጣራው። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ያለኋት እኔው ነኝ። አሁን ሳንባዋ እምቢ ብሏት አልጋ ላይ ውላለች። ከራስጌዋ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ ከሲሊንደሩ ጎን ደግሞ ጠርዟ የተበላ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለች።

መጽሐፏ ስለ አንዲት ደሴት ነው የምታወራው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሲያሳትማት ሦስት ጊዜ ያረመቻት ቅመም ናት። ተራራ በተራራ ላይ የተደረበባት፣ ክረምት ከበጋ ለምለም የሆነች፣ ጉም ከጫካዋ የማይለቅ፣ ፏፏቴው ከገደል ወርዶ አስፋልቱን የሚያጥብባት ደሴት ናት። «እያንዳንዷን ነጠላ ሰረዟን አውቃታለሁ፤ ደሴቷን ግን አላውቃትም። ይሄ ደግ ነው?» አለችኝ።

«ደግ አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው እንሄዳለን። አበባው በሚፈነዳበት ወር፣ ገጽ ሃያ ሁለት። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሰማያዊ ይሆናል።»

አበባው የሚፈነዳበት ወር ሰባት ወር ይቀረዋል። ሐኪሙ ደግሞ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ «ቢበዛ ሦስት» ብሎኛል። አውሮፕላንማ አይታሰብም፣ ከመሬት እንደተነሣች ትንፋሿ ይቆማል አለኝ። እንዳይነግራት እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ቅስሟ እንዳይሰበር ብዬ። ጎበዝ! የኔው ቅስም ተሰብሮ አረፈው።

በመጀመሪያ ነገሩን ላለሳልስ ሞከርኩ። «ስሚ ቅመሜ፣ ሐይቁ ዳር ለምን አንሄድም? በመኪና ሁለት ሰዓት ነው፣ ሲሊንደሩን ከኋላ እንጭነዋለን፣ ነገ ዛሬ ሳንል በዚህ ሳምንት።»

«ተራራ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ! ሐይቁ የትም አይሄድ። ከደሴቷ ስንመለስ እናየዋለን።»

ስንመለስ አለች። «እሺ» ብዬ ወጣሁ እንጂ ሌላ ምን አቅም አለኝ? እውነቱን ብነግራት እሷን መግደል ነው፣ ብዋሽ ደግሞ ውሸቱን በገዛ እጄ በፕሮግራም ቅጽ ላይ መሙላት ነው።

ከቢሮ አንድ ጥራዝ ባዶ ቅጽ ይዤ መጣሁና የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። መነሻ፣ መድረሻ፣ ደቂቃ፣ የተሳፋሪ ብዛት። ከአውሮፕላን ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ተራራ አውቶቡስ፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ማረፊያ ቤቱ ሰማንያ አራት ደረጃ አለ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ተጽፏል። በየአሥር ደረጃው «ለትንፋሽ፣ አራት ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩላት። የሙያ ነገር ክፉ ነው፤ ይቅር ይበለኝና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሐኪሙን ረሳሁት። የመልሱንም ጉዞ ሞላሁ። ሳበቃ እንደ ልማዴ ከታች ፈርሜ፣ እንደ ጎረምሳ እያፏጨሁ ወደ ክፍሏ ገባሁ።

ትራስ አስደግፌ አስቀመጥኳት። መነጽሯን አደረገች፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች። አሮጌ ልማድ ነው፤ ያለሱ ማንበብ አትችልም።

«ጀልባው አምስት ደቂቃ አጥሮበታል» አለች።

«ወደቡ ቅርብ ነው ብዬ ነው።»

«ቅርብ ይሁን፣ ሻንጣው ማን ይሸከመዋል? አንተ በዚህ ወገብህ?» ሳቀች። ወረቀቱን ገለበጠች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ስንሄድ አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ነን። ጀልባው ላይ ሁለት። አውቶቡሱም ላይ ሁለት።»

«አዎ፣ ታዲያ?»

«ስንመለስ አንድ ነህ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጄ ስቶ ነው እል ነበር። አራት መስመር ነው። ከማረፊያ ቤቱ ፌርማታ፣ አንድ። ከወደብ፣ አንድ። በአውሮፕላን፣ አንድ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤት፣ አንድ። በዚያ ጥርት ባለው የቢሮ ጽሕፈቴ። መቼ እንደጻፍኩት እንኳ አላውቅም። እጄ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ነው የጻፈው፣ በእርግጥ የሚሳፈረውን ሰው።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

«አንተ? በቁጥር?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነና ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ሳለች። የሲሊንደሩን መክፈቻ ጨመርኩላት፣ ጀርባዋን ያዝኩላት። አጥንቷ ብቻ ነው እጄ ላይ የቀረው። ሲሻላት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ስንት ወር አለህ?»

«ማን?»

«ሐኪሙ ነዋ! በሞቴ አትዋሸኝ።»

ሦስት ጣቴን አሳየኋት። እሷ ጣቶቼን ስታይ ቆየች፣ ልክ አንድ የቁጥር ስህተት እንደምታይ።

«እኔ አራት ነበር የገመትኩት» አለች።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል አላልኩም፤ ተንሰቀሰቅሁ። ወንድም ነኝ፣ ታላቅ ነኝ፣ ሾፌር ሁሉ የሚፈራኝ ሰው ነኝ፤ ለአንዲት እህቴ ግን አንድ ወር እንኳ ልጨምርላት አልችልም።

«በል ተው እንግዲህ። የምሞተው እኔ፣ የሚለቀሰው ላንተ? ይልቅ እንካ።» ቀዩን እስክሪብቶ እጄ ላይ አኖረችው። «አርመው።»

«ምኑን?»

«የመልሱን። ሁለት አድርገው።»

«ቅመሜ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። የማይሳፈር ሰው አትጽፍም። ለኔ ስትል ጻፍ።»

ጻፍኩ። አንዱን ሰርዤ ሁለት፣ ደግሞ ሰርዤ ሁለት። እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ አራቱንም መስመር ጨረስኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ መረመረችው።

«ሦስተኛው አይነበብም። ድገመው።»

ደገምኩት። ከፊርማዬ ሥር ማተሚያ ቤት እንደሚያደርጉት «ይታተም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ተመልሳ ጋደም አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁን አንብብልኝ፣ ጋሼ። ከወደቡ ጀምር። ቀስ እያልክ።»

«ከወደብ መነሻ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ተሳፋሪ ሁለት» አልኩ። «ከተራራው ሥር መድረሻ፣ አራት ሰዓት ከአምስት፣ ተሳፋሪ ሁለት።» ሰማያዊው መንገድ ጋ ስደርስ ከንፈሯ ፈገግ አለ። ደረጃውን አወጣኋት፣ በየአሥሩ አሳረፍኳት። ከዚያም መልሱን ያዝኩ፤ እስከ ቤታችን በር ድረስ ሁለት፣ ሁለት እያልኩ አነበብኩላት።