ልሙጡ አውሮፕላን

አማቴ እልኸኛ ናቸው። እኔም ብሆን ቀላል ሰው አይደለሁም። ሁለታችንን አንድ ጣሪያ ሥር ያኖረን ባለቤቴ ለምን ሁልጊዜ ሥራ እንደሚበዛበት ይገባኛል።

በዚያ ሰሞን ያጣላን የእሳቸው ዓይን ነበር። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ሸፍኗቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም። የዓይን ሐኪሟ፣ "በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ከዘገየ ግን ሞራው እየጠነከረ፣ ሥራውም እየከበደ ይሄዳል" ስትላቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። እሺ ሊሉ ትንሽ ሲቀራቸው ሐኪሟ ልታበረታታቸው ብላ፣ "አይስጉ አባቴ፣ መቶ በመቶ ይሳካል" አለቻቸው። ይኼኔ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

አማቴ ሠላሳ ዓመት የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። መንገድ ላይ፣ "መቶ በመቶ የሚል መካኒክ አንድ አውቃለሁ" አሉኝ። "እሱ ደኅና ነው። አብራሪው ነው የተቀበረው።"

ከዚያ በኋላ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ጎረቤት ባስመክር፣ ወይ ፍንክች! "ያየሁት ይበቃኛል" ይላሉ። ይበቃኛል የሚሉት ሰው ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው መሙላቱን የሚያውቁት ጣታቸውን ውስጡ ነክረው ነው። እየተቃጠሉ "አልፈጀኝም" ሲሉ ስሰማ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ንዴቴም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በአንድ የመጫወቻ መደብር መስኮት ላይ ካርቶን አየሁ። የተሳለበት አውሮፕላን አማቴ በወጣትነታቸው ክንፉ ሥር ቆመው ፎቶ የተነሡበት ነው፤ ያው አጭር አፍንጫ፣ ያው ሰፊ ክንፍ። በጦርነት ጊዜ ሲጠግኑት የኖሩት ተዋጊ፣ መጠኑ ተቀንሶ፣ ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ እየተጣበቀ የሚሠራ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሠርቼ እጃቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲዳስሱት ማየት ያምራቸዋል፣ ዓይናቸውን ይታከማሉ።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ እሞርዳለሁ፣ አለሰልሳለሁ፣ እወለውላለሁ። ምላስ ክፉ ናት፤ የፀጉር ያህል ሸካራ ነገር ካገኘች ስትነካካው ትውላለች፣ ደንበኛውም በማግስቱ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ ከች ይላል። ስለዚህ በእኛ ሙያ ሸካራ ነገር አይታለፍም።

ካርቶኑን ስከፍት ግራጫ ቁርጥራጮች እንደ ፍሬ በቅርንጫፋቸው ተንጠልጥለው ወጡ። በመቁረጫ እየለቀምኩ፣ ጠርዛቸውን እየሞረድኩ ከአብራሪው መቀመጫ ጀመርኩ። ቀጥዬ የገላውን ግራና ቀኝ ገጥሜ በቀጭን ብሩሽ ሙጫ አስነካሁትና በላስቲክ አስሬ ተውኩት። ክንፎቹን ሳነሣ ግን ደሜ ፈላ። ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን እብጠት ነው! ገላውንም ባየው ያው። በጥርስ ሥራ እንዲህ ያለ እብጠት የሚመጣው ቅርጽ ሲወጣ አረፋ ከገባ ነው። "እነዚህስ ሥራ አያውቁም" ብዬ ፋብሪካውን ረገምኩ። ከዚያም ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ፣ በጥርስ መወልወያዬ እያሻሸሁ፣ እንደ እንቁላል ልሙጥ አደረግሁት። ኩራቴ ለብቻው ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ "አባባ፣ እጅዎን ይዘርጉ" አልኳቸውና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ጣታቸው ከአፍንጫው ተነሥቶ የመቀመጫውን ክዳን አለፈና ጭራው ጋ ደረሰ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። "እሷ ናት" አሉ። "ወይኔ፣ እሷው ናት!" ከዚያ አውራ ጣታቸው ክንፉ ላይ ወጣና ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

"ሪቬቱስ?" አሉኝ።

"የምን ሪቬት?"

"ላሜራው በምን ተያይዞ ነው የሚበረው፣ በጸሎት?"

ያኔ ገባኝ። እብጠቶቹ አረፋ አልነበሩም። ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዙት የብረት ችንካሮች ራሶች ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። "ፋብሪካው ሳይሠራው ቀርቶ ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያየኛል? እሳቸው እንደሆነ አያዩ። እንዲህ ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።

"ነበረው አባባ" አልኩ። "እንከን መስሎኝ ፍቄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ሁሉንም?"

"አንድ አላስተረፍኩም።"

ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አውሮፕላኑን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

"አውሮፕላን በምንጠግንበት ሃንጋር አንድ ደንብ ነበር" አሉ። "አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት መካኒኩ አብራሪው ፊት ቆሞ የተሳሳተውን ይናገራል። ይቺን ቱቦ ጭሬያታለሁ፣ ይቺን ብሎን ደግሜ ነው ያጠበቅኋት ይላል። አብራሪው ሰምቶ ይወስናል። ምንም አልተሳሳትኩም ከሚል ሰው ግን አይረከብም። ያ መቶ በመቶ ያልኩሽ ሰው ያን ቀን ደንቡን ዘለለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጥርጣሬ ነበረኝ፣ ግን ዝም አልኩ።"

እጃቸውን ያዝኩ።

በማግስቱ ከሥራ ቦታዬ ሰም የማንጠባጥብበትን ቀጭን መሣሪያ አመጣሁና በእሱ ጫፍ ነጭ ሙጫ እየነከርኩ ሪቬቱን አንድ በአንድ መመለስ ጀመርን። እኔ አንጠባጥባለሁ፣ እሳቸው ከትዝታቸው ያዝዛሉ፤ "ከክንፉ ሥር ሁለት ረድፍ። ከዚያ ዝለዪ። አሁን ጠጋ ጠጋ አድርጊ።" ሲደርቅ በጣታቸው ይመረምሩታል።

"ይኼ ረድፍ ጠሟል" ይላሉ።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀጥ ያለ ነው!"

"ዓይንሽንስ ተዪው። በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይይ።"

በሁለተኛው ሳምንት ግን እሳቸው ሳይደርሱበት "ይቺ ተጨፈለቀችብኝ" ማለት ለመድኩ። እሳቸውም "ጎሽ፣ ፋቂና ድገሚ" ማለት ለመዱ። ግራ ክንፉን ስንጨርስ እንደምንም ደፍሬ አነሣሁት።

"አባባ፣ ሐኪሟን ለምን አይጠይቋትም?"

"ምኑን?"

"ተሳስታ ታውቅ እንደሆነ።"

"አንቺ ጠይቂልኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ? አብራሪው እርስዎ ነዎት።"

አውሮፕላኑን አዙረው ቀኝ ክንፉን አቀረቡልኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ሐኪሟ ስታያቸው ተደሰተች። እሳቸው ገና ከመቀመጣቸው፣ "ልጄ፣ በዚህ ሥራሽ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ጣሪያውን ተመለከትሁ። "መቼም አልተሳሳትኩም" ብትል ጉዳያችን እዚያው እንዳበቃለት አውቃለሁ።

"አውቃለሁ አባቴ" አለች ቀስ ብላ። "አንዲት እናት ነበሩ። ሞራውን ሳወጣ ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ተቀደደብኝ። የዚያኑ ዕለት ነገርኳቸው። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። አሁን ያያሉ፣ ግን የተመኙትን ያህል አይደለም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ስደርስ ቆም ብዬ እተነፍሳለሁ። ባለፈው መቶ በመቶ ማለት አልነበረብኝም። ብዙውን ጊዜ በደንብ ይሳካል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይሳካም።"

አማቴ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ።

"በይ ከግራው ጀምሪ" አሉ። "እሱ ይብሳል።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ላምቀው ብሞክርም አፍንጫዬ አጋለጠኝ። ሐኪሟ መሐረብ ልትሰጠኝ እጇን ስትዘረጋ አማቴ ወደ እኔ አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱ።

"ምራቴ ናት" አሏት። "ስትሳሳት ትናገራለች።"