የቀኙ ብቻ ይውጣ

ፀጉር አስተካካዩ የደነገጠ ዕለት ቀልድ ያቆማል። እህቱም ያወቀችበት በዚሁ ነው። እሱ እቴ፣ ብልጥ ነኝ ብሎ ቀዶ ሐኪሟ ዘንድ ቀድሟት ሄዶ የምርመራዋን ውጤት ሰማና ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳይጠሩባት፣ እጢ ነው ብቻ እንዲሏት፣ በቀዶ ጥገናው ግን ጉሮሮዋ ሥር ያለው ታይሮይዷ ሙሉው እንዲወጣ ለመነ። ቤተሰቡም ተስማምቷል አለ። ቤተሰቡ የተባለው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ማን አለና!

ከዚያ እህቱ ቤት ሄዶ በትሕትና ምን ላምጣልሽ አላት። የምትነዳውን አውቶቡስ "ያንቺ ቆርቆሮ" ሳይል ውሎ የማያውቅ ሰው! እጇ ወደ አንገቷ ሄደ።

"ጋሼ፣ ካንሰር ነው አይደል?" አለችው።

ሻይ ላፍላልሽ ብሎ ጓዳ ገባ።

በማግስቱ ሁለቱም ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታድበሰብስም። ታይሮይዱን በወረቀት ላይ ሥላ፣ ካንሰሩ በቀኙ በኩል ብቻ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደሆነና የተዛመተ እንደማይመስል አሳየቻቸው። ሙሉው ቢወጣ ክትትሉ ይቀላል፤ ግን ዕድሜ ልክ በየማለዳው በባዶ ሆድ ኪኒን አለ፣ የድምፅ ነርቭም በሁለቱም በኩል ለአደጋ ይጋለጣል። ግማሹ ብቻ ቢወጣ የቀረው ሥራውን ሊሠራላት ይችላል፤ ግን በየጊዜው መታየት፣ ምናልባትም ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ሊመጣ ይችላል። ለእሷ ሁለቱም ያስኬዳሉና ትምረጥ ተባለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሆዬ ብግን አለ። ምን ምርጫ አለው ይሄ! እናታቸውን የወሰደባቸው ካንሰር ነው፤ ያኔም ትንሽ ነው ተብሎ ነበር። ሙልጭ ተደርጎ ይውጣ፣ ኪኒኑን እኔ በየጠዋቱ እየመጣሁ አስውጣታለሁ ብሎ ተንጨረጨረ።

እህቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ራሷን ታውቃለች፤ ጎህ ሳይቀድ መሪ የምትጨብጥ ሴት ናት፣ የደም ግፊት ኪኒኗን እንኳ ስንቴ ረስታዋለች።

"ግማሹ ይበቃል፣ ዶክተር" አለች። "ሲከፍቱት ተዛምቶ ካገኙት ሁሉንም ይውሰዱ፣ ፈቅጃለሁ። ካላገኙ ግን ወንድሜ ፈራ ብለው ጤነኛውን እንዳይነኩብኝ።"

አኮረፈ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራው አልያዝልህ አለው፤ ጢሜን በትንሹ አሳጥርልኝ ያለውን ደንበኛ ሙልጭ አድርጎ ላጭቶት ሰውዬው መስታወቱ ፊት ደርቆ ቀረ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሲቁነጠነጥ ሐኪሟ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ብቅ አለች። ካንሰሩ ቢዛመት ቀድሞ ከሚታይባቸው የአንገት ንፍፊቶች አንዱን አውጥተው አስመርምረውት ነበር፤ ንጹሕ ነው። በግማሹ ልትጨርስ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ከመቀመጫው ተነሣ። እህቱ ከበሩ ወዲያ ተኝታለች፤ አትሰማው፣ አትቆጣው። እናቱ በዓይኑ መጣች። ሁሉንም አውጪው፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ ብሎ ሐኪሟን ሊለምናት ቃጣው። ቢያለቅስባት ትሰማው ይሆናል ብሎም አሰበ፣ እውነቱን ለመናገር።

"ምነው፣ የምትለኝ ነገር አለ?" አለችው ሐኪሟ።

"እሷ እንዳለችው" አላት።

ሐኪሟ ዞራ ስትገባ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ቆመ።