እስከ ጠርዙ ያልታየው ሲዲ

እማዋይሽ አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ሰቆጣ እህል ተራ ገብቶ በማሽላ ዋጋ ከእሷ ጋር የተከራከረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባሏ ዋሴም፣ ቤታቸው ውስጥ ሳቅ በነበረበት ጊዜ፣ «የእኔን ሚስት ከቃሏ ከመመለስ ተከዜን ሽቅብ ማስኬድ ይቀላል» እያለ እንግዳ ያስቅ ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ይህ ጠባይዋ በገበያ ጠቅሟታል፤ በክፉ ቀንም ደግፎ አቁሟታል። አንድ ጊዜ ግን ጎዳት።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ የትናየት የምትባል። ከእሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱም፤ እሷ ግን በረከተች፣ አደገች፣ አሥረኛ ክፍል ደረሰች። ከዚያ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ልቧ ወደ ጅዳ ሸፈተ። እናቷ አይሆንም አለች። ልጅቱም የእናቷ ልጅ ናትና አልቀርም አለች። አንድ የገበያ ቀን አምደወርቅ ከተማ አክስቴ ዘንድ ልሰንብት ብላ ወጣች፤ በዚያው ከደላላ ጋር በረሃውን አቋርጣ ባሕር ዳርቻ ደረሰች። የተሳፈረችበት ጀልባ ማዶ አልደረሰም። ከተረፉት አንዷ፣ የዚሁ የሰቆጣ ልጅ፣ ተመልሳ መጥታ በዓይኗ ያየችውን ተናገረች። ሬሳ የለም፤ መቃብርም የለም። ዘመድ ተሰብስቦ ቀሚሷንና ነጠላዋን መደብ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ አስከሬን ከቦ አለቀሰላት።

ከየትናየት የቀረው እንግዲህ ልብሷ ነው፣ የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶዋ ነው፣ ደግሞም ጌታሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው። ጌታሰው መናኸሪያው ጀርባ ፎቶና ቪዲዮ ቤት የከፈተ ጎልማሳ ነው። ሠርግ ያነሣል፣ ክርስትና ያነሣል፤ በነሐሴ የልጃገረዶች በዓል፣ ሻደይ፣ ሲመጣ ደግሞ ካሜራውን ተሸክሞ ልጃገረዶቹን ሲከተል ይውላል። የትናየት ከመሄዷ በፊት በነበረው ሻደይ ቅጠሉን ወገቧ ላይ አስራ ለሰፈሯ ልጆች አቀንቃኝ ሆና ነበር። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኽምጣንጋ ታወጣለች፤ ጓደኞቿ ይቀበሏታል። ድምፅዋ ሰው አቁሞ ያስቀራል ብለው የሰሙት ለእናቷ ነገሯት። እናቷ ያን ቀን ከማሽላዋ ጋር ነበረች። ሻደይ ለከርሞም ይመጣል ብላ አልሄደችም፤ አልሰማቻትም።

ከአርባዋ በኋላ ጌታሰው እማዋይሽን አስጠራት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያየው በሲዲ ነው። ስልካችን የቁልፍ ነበር፤ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለበት ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። እማዋይሽ ከል ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ይቀመጡ ቢላት እንቢ ብላ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። ነገሩን አስረዳት። የኮምፒውተሩ ሆድ ሞልቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ እየመጣ ነው፤ አሮጌው ካልጠፋ አዲሱ አይገባም። የካሜራው ካሴት እንደሆነ ድሮውኑ ሌላ ተቀድቶበታል። የሌላውን ሰው ሻደይ ያጠፋዋል፤ የየትናየትን ግን ለእናቷ በሲዲ ሳይገለብጥ አይነካውም። ይህን ሲነግራት አላመሰገነችውም። ገልብጠው ብቻ አለችው።

«ሁለት አድርጌ ልገልብጥልዎ፣ እትዬ?»

«አንድ ልጅ ነው የነበረችኝ። አንድ ይበቃኛል።»

ጌታሰው አልተከራከረም። ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር ነበርና እሱን አነሣ። ሲዲ የሚጽፈው መሣሪያው አርጅቷል። ሲዲ ከመሀል ተነሥቶ እየዞረ ወደ ጠርዝ ነው የሚጻፈው፤ ይሄ መሣሪያ እንደ ሽማግሌ በሬ ነው አላት፤ ትልሙን ቀጥ አድርጎ ይጀምርና ዳር ሲደርስ ይስታል። ክፋቱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ጨረስኩ፣ ደኅና ነው ይላል። የጻፈውን ራሱ ሲያነበው ስሕተቱን ያልፍለታል፤ የሰው ቤት ዴክ ግን አያልፍም። አንድ የፃግብጂ ሙሽራ ሠርጉን ይዞ ሄዶ፣ ቤቱ ሲከፍተው ምሳው ላይ ሲደርስ ተቆርጦበት መልሶ አምጥቶበታል። ስለዚህ ሲዲው ደኅና መጻፉን ማወቂያው አንድ ነው፤ ተጽፎ ሲያልቅ ዴክ ውስጥ አስገብቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ማየት። የየትናየት ሰፈር ልጆች ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የመጡት፤ የእሷ ዘፈን ጠርዙ ላይ ነው የሚወድቀው። አሁን ልጻፈው፣ አብረን እንየው፣ ከተበላሸም ወዲያው ሌላ እጽፋለሁ አላት።

እማዋይሽ ከመቃኑ ተላቀቀች። ከል ለብሳ፣ የልጇ ሙት ዓመት ሳይወጣ፣ ከበሮ ልትሰማ፣ እስክስታ ልታይ? ዋግ ላይ ሐዘንተኛ ዘፈን አይሰማም፤ ዘፈን ካለበት ደጅም አያልፍም። የጌታሰው ቴሌቪዥን ደግሞ ሰው እንዲስብለት ብሎ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረው ነው። እማዋይሽ ልጇን አልቅሳ ሳትጨርስ ታስጨፍራለች ይባልልኛል አለችው። እሱም እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ ድምፁን አጥፍቼ ብቻዬን ልየው አላት። መንገዱ ያየዋል አለች። በሩን እዘጋለሁ አለ።

«ልጄ በዝግ ቤት ለወንድ አትጨፍርም» አለችው።

ጌታሰው አፍሮ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን በዚህ አልበቃትም። እኔ ከሄድኩ በኋላ ያየዋል ብላ ጠረጠረች መሰለኝ፣ ጣቷን ወደ እሱ ዘርግታ፣

«ከበሮው ከጀመረበት አንድ እርምጃ እንዳታልፍ፣ በቅድስት ሥላሴ ስም ገዝቼሃለሁ» አለች።

በዚያ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። ቄስም ይገዝት፣ ያዘነች እናትም ትገዝት፣ የተገዘተ ሰው ታስሯል። ጌታሰው ጻፈው። ቀስ ብሎ እንዲጽፍ አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ሲጠብቅ ቆየ። ዴኩ ውስጥ ሲያስገባው ተራራው ታየ፣ ገበያው ታየ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ታየ፤ ጥርት ያለ ነው። ከበሮው ዱም ሲል እጁ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አጠፋው። ሲዲውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ሠርጉ ሲገባ የኮምፒውተሩን ሆድ ጠረገ።

እማዋይሽ ሲዲውን የልጇ ነጠላ ውስጥ ሸፍና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። አልፎ አልፎ ሣጥኑን ከፍታ በጨርቁ ላይ ትዳብሰዋለች። ዋሴ አንድ ጊዜ፣ ምናለ ብናየው፣ ማን ያየናል ቢላት፣ ዓመቷ ይውጣ አለችው፤ ዳግመኛ አልጠየቃትም። እሷ ያን ዓመት የገፋችው በዚያ ሲዲ ነው። ማሽላ እየሰፈረች፣ ሰው እያነጋገራት፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ ያልሰማሁትን እሰማለሁ እያለች። የሞተችው ልጇ የምትነግራት አንድ ነገር የቀራት ይመስላት ነበር።

ሙት ዓመቱ ወጣ። ካህናቱ ፈቱ፣ ድሃው በላ፣ ከሉ ወለቀ። በማግሥቱ ጥሩሐረግ ቤት ተሰበሰቡ። ጥሩሐረግ ጎረቤቷ ናት፤ የእሷ ልጅ ጅዳ በሰላም ገብታ ቴሌቪዥንና ዴክ ልካላታለች። እሱን ለማብራት እማዋይሽ ፊት ትሳቀቅ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ ሸፍናው ከርማለች። የሰፈሩ ሴቶች መጡ። ዋሴም መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ተራራው ታየ። ገበያው ታየ። ከበሮው ሲጀምር እማዋይሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዱ ሰፈር አለፈ፣ ሌላው ተከተለ፤ ሴቶቹ የዚያ ልጅ ናት፣ ያቺ አግብታለች እየተባባሉ ሊያጫውቷት ሞከሩ። ከየትናየት ሰፈር በፊት ባሉት ልጆች ላይ ምስሉ ትንሽ ተንገዳገደ። ከዚያ የትናየት ወጣች። ከጓደኞቿ መሀል ተገፍታ ወደ ፊት መጣች፤ ሳቀች፤ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች።

ፊቷ ተሰነጣጠቀ። እንደ ፈሰሰ እህል ምስሉ ተበተነና እዚያው ደረቀ። ዴኩ አጉረመረመ፣ ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ፣ ቆመ። የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረና «ሲዲ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ጥሩሐረግ አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። የትናየት እንደገና ሳቀች፣ እንደገና ግንባሯን ጠረገች፣ እንደገና ተበተነች። ጥሩሐረግ የኔ ዴክ ይሆናል ስትል ጎረቤት ሄደው ሞከሩት። እዚያም ያው ነው። ዋሴ ሁለተኛውን ቤት አልጠበቀም፤ ጋቢውን ደርቦ ወጥቶ ሄደ።

እማዋይሽ ጌታሰው ጋ ስትገባ ከፊቷ አወቀው። ሲዲውን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባው፤ የጻፈው መሣሪያ ራሱም ማንበብ አቅቶት ጮኸ። አገላብጦ ብርሃን ላይ ይዞ ጠርዙን አየው። ዳሩ አልተጻፈም አላት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረ እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም የለም አላት።

«ያን ቀን እስከ መጨረሻው ባየው ኖሮ፣» አለ ጌታሰው፣ «እዚያው ሌላ እጽፍልዎ ነበር።»

«ገዝቼህ ነበር።»

«ማፍረስ ነበረብኝ፣ እትዬ።»

«አፍርሰህ ብሰማ ደጅህን አልረግጥም ነበር» አለች። ደግሞም፣ «ምነው አፍርሰኸው ባልረገጥኩት» አለች።

እሱ ማልቀስ ዳዳው፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ተወው፣ ሥራህን ሥራ አለችው። ጌታሰው ሲዲውን እሱ ዘንድ እንድትተወው ለመናት፤ ዝግ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ ካንድ ጓደኛው ተውሶ፣ ከጠርዙ ላይ የተጻፈ ካለ እየለቀመ ሊያወጣው። እሷም ተወችለት። በየገበያው ቀን ትመጣለች። ምን ተገኘ ትላለች፤ ገና ነው ይላታል።

በመጨረሻ የተገኘውን አሳያት። ሳቋ ነው፤ ግንባሯን ስትጠርግ ነው፤ አፏን ስትከፍት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ወጣ፤ ቃል ያልሆነ፣ ቃል ሊሆን የተነሣ የድምፅ ጅማሬ፣ ትንፋሽ እንደማለት። ከዚያ ወዲያ የለም። ጌታሰው ሁሉንም እንደፈለገው፣ ከዚህ በላይ እንደማይገኝ ነገራት።

«መልሰው» አለችው። መለሰው። «መልሰው።» መለሰው። ያንን ጅማሬ ይዛ ዘፈኑ አማርኛው ይሁን ኽምጣንጋው ለመለየት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። አልለየችውም።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት ገባች፤ ከል የለበሰች፣ ጫማዋን አቧራ የሸፈነው፣ ከኒሯቅ የመጣች። ሸጌ እባላለሁ አለች። ልጇን ሕመም ወስዶባታል። ለጓደኛው ሚዜ ሆኖ የዘፈነበትን ሠርግ ያነሣው ጌታሰው ነበርና፣ ገልብጥልኝ ልትል ነው አመጣጧ። ጌታሰው እማዋይሽን ሰረቅ አድርጎ አየና ለሸጌ ጻፈላት። ሲያልቅ ዴኩ ውስጥ አስገባው። መሞከር አለብን አላት። ሸጌ የዘፈኑን መነሻ ገና ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተነሣች። አጥፋው፣ ሐዘን ላይ ነኝ፣ ዓመቱ ሲወጣ አየዋለሁ አለች።

እማዋይሽ እጇን ያዘቻት።

«ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«ነውር ነው፤ ሰው ያየኛል።»

«ይየን። እስከ መጨረሻው ስሚው። ዛሬ ካልሰማሽው የለም።»

ሸጌ እጇን ልታስለቅቅ ብትታገልም እማዋይሽ አለቀቀቻትም። አጠገቧ አስቀመጠቻት። ጌታሰው ድምፁን አልቀነሰም። የልጁ ዘፈን ቤቱን ሞላው፤ ሸጌ አንገቷን እማዋይሽ ጭን ላይ ደፍታ ጮኸች፣ ልጄ ልጄ እያለች። መንገደኛው ቆመ። ገበያተኛው ደጁ ላይ ተኮለኮለ፤ ዘፈንና ልቅሶ ባንድ ቤት፣ ምን ጉድ ነው እየተባባለ። አንዲት አሮጊት አማተበች። እማዋይሽ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ፣

«ሲዲ እየሞከርን ነው» አለቻቸው። «መንገዳችሁን ሂዱ።»

ማንም አልሄደም፤ እሷም ደግማ አልተናገረቻቸውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ሙሽሮቹ መኪና እስኪገቡ፣ አቧራው እስኪታይ፣ ስክሪኑ እስኪጠቁር ድረስ እዚያው ተቀምጠው ሰሙት። የትም ላይ አልተቆረጠም። ጌታሰው ሲዲውን አውጥቶ ጠርዙን ብርሃን ላይ አየና ደኅና ነው አለ።

ሸጌ ጡቷ ሥር ወሽቃው፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ ያንቺም ልጅ እዚህ አለ ወይ ብላ እማዋይሽን ጠየቀቻት። እማዋይሽም «አለች» አለቻት። ከዚያ ወደ እህል ተራ ሄደች፤ ጆንያዋ እንደታሰረ ጠበቃት። ማሽላ ስትሰፍር ያ ዘፈን ከጆሮዋ አልወጣም። መልካም ድምፅ ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ነው፤ የእሷ ልጅ ድምፅ ግን አልነበረም።