የአንሶላ ቀርከሃ

ልብስ ሰፊዋ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ከተቀደደ ወዲህ ጠዋትና አመሻሽ የወንበር መደገፊያ ይዛ ሠላሳ ጊዜ ዝቅ ብሎ መነሳት ታዞባታል። ፊዚዮቴራፒስቱ ነገሩን ሳያለሳልስ ነው የነገራት፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጉልበቱ ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ እንደ ደረቀ እንጨት ተገትሮ ይቀራል። የተገተረ ጉልበት ደግሞ የስፌት መኪና መርገጫ አይረግጥም። ልጇ መኪናው ላይ ሞተር እንግጠምልሽ ብትላት፣ አኝኬ ላጉርስሽ የተባለች ይመስል ሁለት ቀን አኮረፈቻት። አርባ ስድስት ዓመት የሰፋችው በእግሯ ነው። ጨርቅ ወፍራም ይሁን ስስ መጀመሪያ የሚያውቀው እግሯ ነው።

ቤት ውስጥ እንዳትሠራው ቦታ የለም። ባሏ ጡረታ የወጣ ድራፍትስማን ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት የሠላሳ ዓመት ንድፉን ጠቅልሎ ይዞ ስለመጣ ኮሪደሩ የሚታለፈው በጎን ተሂዶ ነው። የቀረው ግቢው ነው፤ ዘጠኝ በስድስት ሜትር፣ ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር። ከግቢው በላይ ደግሞ ቲቸር አለች።

ቲቸር ከአጥሩ ባሻገር ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ስፖርት ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች። ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ጠዋት ወንበሯን ይዛ ዝቅ ብላ ስትነሳ ከላይ «አንድ» የሚል ድምፅ መጣ። አንጋጣ ብታይ ቲቸር በረንዳዋ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ማን ጠራሽ አላለቻትም፤ ቀጠለች። ቲቸርም ቀጠለች። ወገብሽን አቅኚ፣ ተረከዝሽ አይነሳ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። ይሄን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው ቁጥሩን ነው። እሷ ሠላሳ ብላ ላቧን ስትጠርግ ቲቸር «አሥራ አምስት፤ ገና ግማሽ ነሽ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሰው ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ በቁጥር የተጠረጠረችበት ቀን የለም። እልህ ይይዛትና፣ እያየሽ ሙቺ በሚል ዓይነት፣ ሌላውን ግማሽ እየተንቀጠቀጠች ትሠራዋለች። ማታ ለባሏ «በቀን መቶ ሃያ እያሠራች ልትገድለኝ ነው» ትለዋለች። እሱ እርሳስ እየቀረጸ እህ ይላታል።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ቲቸርን አንቺ ማለት ትታ እርስዎ ማለት ጀመረች። ከሃያ ዓመት ጉርብትና በኋላ አንቱታ ስድብ ነው።

ቀርከሃ ይተከል ያለችው ያኔ ነው። በአጥሩ ጥግ አንድ ረድፍ የጌጥ ቀርከሃ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነፋስ ሲነካው ደግሞ የሰው ድምፅ ይውጣል። ባሏ ግን እዚያው ግቢ ላይ አንድ የጥላ ዛፍ ካሰበ ቆይቷል። ቀርከሃ፣ አለ፣ ለአንድ ሌሊት ልደር ብሎ ገብቶ ቤቱን የሚወርስ እንግዳ ነው፤ ሥሩ በሲሚንቶ ሥር ተጉዞ ሳሎን ይወጣል። ዛፍ አንድ ግንድ ነው፤ የት እንዳለ ይታወቃል፣ ጥላው ሥር ወንበር ይወጣል፣ ሰው ይቀመጣል። ቀርከሃ መጋረጃ ነው፤ ዛፍ ግን ጣሪያ ነው።

«ጣሪያህ መቼ ነው የሚደርሰው?» አለችው።

ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል አለ።

«እንግዲያው ጥላውን ሣጥኔ ላይ ታደርጉልኛላችሁ።»

ሰውየው ክርክር በአፍ አይሆንለትም፤ በወረቀት ነው። ዛፉን በአንደኛ ዓመቱ፣ በአምስተኛ ዓመቱና በአሥራ አምስተኛ ዓመቱ ነድፎ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። በአሥራ አምስተኛው ዓመት ግቢው በሙሉ ጥላ ነው፤ ከሥሩም ሁለት ሰዎች አሉ።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«ምን ልሁን ብዬ ነው የቆምኩት?»

ሰው የሚስልበት የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሌለ አስረዳት። ሠላሳ ዓመት የነደፈው ሆስፒታልም ይሁን ሲኒማ ቤት በውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚታየው። ልብስ ሰፊዋ ሥዕሏን ትንሽ አየቻት፤ ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች አሏት፣ ምንም አልተደገፈችም። ወረቀቱን መለሰችለትና ቀርከሃውን እንደምትፈልግ ነገረችው።

ልጃቸው ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ራስ ምታት ለያዘው ሰው መድኃኒት ስትሰጥ ውላ ማታ ከወላጆቿ ዘንድ ራሷ ራስ ምታት ይዟት ትወጣለች። ቅዳሜ የጓደኛዋን ፒክአፕ እንደምትዋስና ችግኝ ጣቢያ ሄዳ ከሁለቱ አንዱን እንደምታመጣ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ተክል የሚባል ነገር መስማት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች።

«እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ እግር ተኩል ነው» አለች እናቷ።

ሰው ጫማ እንኳ ሳይሞክር አይገዛም ያለችውም ልጅቷ ናት። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ እስከ ቅዳሜ ይሞከር ተባለ። ልብስ ሰፊዋ አራት አንሶላ በእጇ ገጣጥማ፣ በረጃጅም አጣና ወጥራ በአጥሩ ልክ አቆመች፤ ቀርከሃው ይሄ ነው። ባልየው ከሰፈሩ ጭማቂ ቤት ትልቅ ጃንጥላ ተውሶ፣ የተቆረጠ ማንጎ ሥዕል ያለበትን፣ ግቢው መሃል ተከለ፤ ዛፉ ያ ነው።

ዛፉ በመጀመሪያው ቀን ተዋረደ። ጥላ አንድ ቦታ እንደማይቀመጥ ድራፍትስማኑ በወረቀት ያውቃል እንጂ በወንበር አያውቅም ነበር። ጥላው ሲሄድ ወንበሩን እየጎተተ ተከተለው፤ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ላይ ተለጥፎ ጋዜጣ ሲያነብ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በሩን ገፋው። በሩ የመታው ጆሮው ለሦስት ቀን ቀይ ሆኖ ሰነበተ።

ከአንሶላው ጀርባ ግን ሰላም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዝቅ ትላለች፣ ትነሳለች፣ በገዛ አፏ ትቆጥራለች፣ ሠላሳ ስትል ትገባለች። እንደ በፊቱ አያልባትም፤ በረታሁ አለች። ቲቸር አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ «እየሠራሽ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሯን ቀጠለች፤ የበረንዳው በር ሲዘጋ ተሰማ። ሐሙስ ማታ ባልየው ጆሮውን ይዞ ቀርከሃው ይምጣ አለ።

ዓርብ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ማዕዘን መለኪያውን ጉልበቷ ላይ አስተካክሎ አነበበ፣ እንደገና አስተካክሎ አነበበ። ባለፈው ዓርብ ሰባ አራት ነበር፤ አሁን ሰባ አንድ ሆኗል።

«እናቴ፣ አቋርጠዋል?»

አንድም ቀን እንዳላቋረጠች፣ ጠዋት ሠላሳ አመሻሽ ሠላሳ፣ በልጇ ስም ማለች። ልጇ አጠገቧ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። እስቲ እዚሁ ይሥሩልኝ አላት። ወንበር ያዘች። ዝቅ ስትል አንድ፣ ስትነሳ ሁለት፣ ዝቅ ስትል ሦስት፣ ስትነሳ አራት። ሠላሳ ስትል ፊዚዮቴራፒስቱ በጣቱ አሥራ አምስት ላይ ነበር።

«ወርዶ መነሳት አንድ ነው፣ እናቴ።»

«እንዴት አንድ ይሆናል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። የስፌት መኪና መርገጫ ጣት ሲጫን አንድ፣ ተረከዝ ሲጫን ሁለት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ተማረች፣ ከዚያ ወዲህ ለሰባት ተለማማጆች እንዲህ አስተማረች። ልጇ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ቆየች።

ታክሲ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ሳምንቶቹን አሰላች። በቲቸር አፍ በተቆጠረው ሦስት ሳምንት ጉልበቷ እየታጠፈ ሄደ፤ በራሷ አፍ በተቆጠረው አምስት ቀን ተመለሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው። ከፊቷ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው፤ የጎደለው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ።

ልጇ ምንም የሚከብድ ነገር አላየችበትም፤ አሁን ስላወቅሽው ከቀርከሃው ጀርባ በትክክል ቁጠሪ አለቻት። ያን አመሻሽ ሞከረች። ቁጥሩ አልነበረም ያስቸገራት። አሥራ ስድስተኛው ላይ ጭኗ ሲንቀጠቀጥ የምትናደድበት ሰው ብትፈልግ አንሶላ ብቻ ነው ያለው። አንሶላ ፊት ደግሞ ሰው አያፍርም። ወንበሩን አዙራ ተቀመጠችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ወደ ችግኝ ጣቢያ ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ ወደ ቲቸር ቤት ወጣች። ደረጃውን በየአምስቱ እያረፈች፣ የብረቱን ድጋፍ እንደ ጠላት አንገት አንቃ ይዛ። ቲቸር በሩን ስትከፍት ከፊቷ በፊት ያየችው ጉልበቷን ነው።

«አብጧል» አለች።

«ቁጠሪልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህችን አንዲት ቃል ከታች ጀምራ ይዛት ነው የወጣችው፤ ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

ቲቸር ወዲያው እሺ አላለችም። ሥራ እንደቀረበለት ሰው ዝርዝሩን ጠየቀች።

«አንሶላው ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«ቀርከሃ ልትተክሉ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አይተከልም።»

«ከሁለት ሰዓት በፊት አልነሳም።»

«ይሁን።»

«ስነግርሽ ደግሞ አትመልሺልኝም።»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። «እሱን አልችልም» አለች።

ቲቸር በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችና ደረጃ መውረድ እንዴት እንደሆነ፣ ደካማው እግር እንደሚቀድም፣ እዚያው ደፉ ላይ አሳየቻት።

ከታች ስልክ ስትደውል ልጇ አራት ቅርጫት ቀርከሃ ፒክአፑ ላይ አስጭና ጨርሳለች። አውርጂው፣ ዛፍ ይሁን አለቻት። ልጅቷ የተናገረችው እናት ለመስማት የማትገደደው ነው። ቢሆንም ወደ አምስት ሰዓት አካባቢ በቁመት ሰው የሚያክል ችግኝ ይዛ መጣች፤ በሩ ላይ አስቀምጣው ሳትገባ ተመለሰች።

ባልየው ንድፉ ያሸነፈ መሰለው። ልብስ ሰፊዋ እንዲመስለው ተወችው። ግን ጉድጓዱን በንድፉ መሠረት ግቢው መሃል ሊቆፍር ሲል አስቆመችው፤ እዚያ ከተተከለ በአምስት ዓመቱ ቅርንጫፉ የቲቸርን በረንዳ እንደሚጋርድ የራሱ ሥዕል ይናገራል። ሦስት ሜትር ወደ በሩ አስጠጋው አለችው። ተከራክሮ፣ ለክቶ፣ ወረቀት አምጥቶ፣ ወረቀት መልሶ፣ አመሻሽ ላይ የተባለው ቦታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ነገሩ ገባው። ከዚያ ቦታ የዛፉ ጥላ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ላይ ነው የሚወድቀው።

«ታዲያ እኔ ለማን ነው የምተክለው?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ዝቅ ብላ ነበር። ልትመልስለት አፏን ከፈተች።

«እየሠራች አታናግራት» አለች ቲቸር ከላይ። «ዘጠኝ።»