መስኮት ስር የተተከለችው አዛሊያ

የአውቶቡስ ሹፌር በነበረበት ዘመን ባልደረቦቹ «ፍሬን የለሹ» ይሉት ነበር። ጡረታ ወጥቶም አልሰከነም። ሚስቱ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከገባች ወዲህማ ጭራሽ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ሻይ ያፈላል፣ ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል። በር ይከፍታል፣ ለምን እንደከፈተው ይጠፋዋል።

ሚስቱ አደራ ያለችው ጓሮው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ጥላ ስር ያለችውን አዛሊያ ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሏ የማይረግፍ፣ ስታብብ ግን ቅጠሏ እስከማይታይ ድረስ በአበባ የምትሸፈን፣ ወገብ የምትደርስ ቁጥቋጦ ናት።

«ሥሯ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ መቆፈሪያ እንዳታስጠጋባት» ብላው ነበር አልጋ ላይ ሆና። «የቧንቧ ውሃ አይስማማትም፤ ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ቀድተህ አጠጣት። ከዚያ በኋላ ተዋት። ሰምተኸኛል? ተዋት!»

መተውን ማን አስተምሮት! ባለፈ ባገደመ ቁጥር ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰዳል፤ ሥሯ ላይ የተነሰነሰውን የጥድ ቅጠል ገለጥ አድርጎ ያያል፣ መልሶ ያለብሳል።

ሚስቱ ልትመጣ ነው በተባለበት ሳምንት አንድ ጠዋት ከሴት ልጁ ጋር አልጋዋን በመንገድ በኩል ወዳለው ሳሎን አዛወሩት፤ ከዚያ ጓሮው አይታይም። ያን ቀን አንድ ሐሳብ ያዘው። አዛሊያ አበባ ላይ ሆናም እንኳ ከነአፈሯ በሰፊው ከተነሣች ልትጸድቅ እንደምትችል ድሮ ከሚስቱ ሰምቷል። አካፋውን ይዞ ወጣ።

ሴት ልጁ ከሥራ ስትመለስ እስከ ክርኑ አፈር ለብሶ አገኘችው።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው? አትንካት ብላሃለች እኮ!»

«እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና ታያታለች። ዝም ብለሽ የጆንያውን ጫፍ ያዢ!»

በጆንያ እየጎተቱ ቤቱን ዞረው ሳሎኑ መስኮት ስር ተከሏት። «ይሄ የሲሚንቶ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ እሳት ነው፤ ያቃጥላታል» አለች ልጅቱ። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሚስቱ መጣች፤ ደግፈው አስተኟት። መጋረጃውን ወዲያ ጎተተና ፊት ፊቷን ያይ ጀመር። አበባው መስኮቱን ሞልቶታል።

«ማነው የነቀላት?» አለች።

«እኔ ነኛ! ደጅ ሳትወጪ እንድታያት ብዬ።»

«እስከ መቼ ነው ደጅ የማልወጣው?»

የመጋረጃውን ጫፍ በጣቱ ያሻሽ ጀመር።

«ሐኪሙ ለብቻህ የነገረህ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም! እንዲያውም ቶሎ መራመድ ትጀምር ነው ያለው።»

«ታዲያ አትራመድም ብለህ የፈረድክብኝ አንተ ነህ ማለት ነው!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወደ ቦታዋ መልስልኝ። አሁኑኑ!»

ደስ ይላታል ብሎ ነበር፤ ሌላ ነገር በሐሳቡም አልመጣበትም። ወጥቶ ቆፈረ፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ በራሱ እየተናደደ። ልጅቱ ጆንያውን ያዘችለት። መልሰው ከዛፉ ስር ተከሏት፣ የዝናብ ውሃ አጠጧት፣ የጥድ ቅጠሏን አለበሷት። ትጽደቅ አትጽደቅ ገና አይታወቅም።

ሲመለስ ሚስቱ ባዶውን መስኮት ታያለች። እሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ መጋረጃ ያስተካክላል፣ ብርጭቆ ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

«ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰው!»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እግሩ ግን አላርፍ አለው።

«ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንዲሁ እንደተኛሽ የምትቀሪብኝ መስሎኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔስ አልፈራሁም? ግን የማንም መስኮት ስር ሄጄ ጉድጓድ አልቆፈርኩም!»

ሊስቅ ብሎ አለቀሰ። እሷ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«በል ያንን ከሆስፒታል የሰጡኝን የብረት መደገፊያ አቅርብልኝ።»

አቀረበላት። ስትቆም ከንፈሯን ነከሰች። አንዴ ትራመድና ታርፋለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። ሊጎትታት፣ ሊሸከማት፣ ባንዴ ጓሮ ሊያደርሳት እየቃጣው፣ እጁን ከጀርባዋ አስጠግቶ፣ ሳይነካት ጠበቃት። ሳሎኑ በር ላይ ሲደርሱ «ለዛሬ ይበቃኛል» አለች። ከዚያ ወዲያ ገና ኮሪደሩ አለ፣ ወጥ ቤቱ አለ፣ የጓሮው ደረጃም አለ።