ነፋስ የፈራው ኳየር

ባርናባስ ገና ከዲላ መናኸሪያ ሳይወጡ የሚኒባሱን መስኮቶች አንድ በአንድ ዘጋ። ከኋላ ወንበር አልጣሽ በመሀረቧ እያራገበች "ኧረ ታፈንን!" ብትል፣ "ታፈኚ። ነገ የምፈልገው ድምፅሽን ነው" አላት።

መቼም በነፋስ የሚቀልድ ሰው በአገራችን የለም። ላቡ በጀርባው እየወረደ እንኳ መስኮት ሲከፈት "ዝጉት፣ ይመታናል!" የማይል ተሳፋሪ ካለ አሳዩኝ። የባርናባስ ግን ከሰው ሁሉ ይብሳል፤ ደግሞም ምክንያት አለው። አምና ሬኮ ላይ በተደረገው የወጣቶች ኮንፈረንስ እሱ የሚመራው ኳየር ሲዘምር ሕዝቡ አንቀላፋ። ከፊት ረድፍ ያንኮራፋም አልጠፋ። የኮንፈረንሱ ሰብሳቢ ጋሽ ቶሌራ ወደ ዳር ጠርተውት፣ "ልጄ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሰው ከተኛ ከጎረቤታችሁ ከጪጩ ኳየር ጋር ትቀላቀላላችሁ። እዚያ መሪ አለ" አሉት።

"እዚያ መሪ አለ" የምትለዋ ነገር ዓመቱን ሙሉ አንጀቱን ስትበላው ከረመች። ታዲያ አስቦ አስቦ የደረሰበት ምንድን ነው? አምና መስኮት ከፍተን ስለመጣን ነፋስ ድምፃችንን ወሰደው። አለቀ! አይ ባርናባስ!

ለዘንድሮው ኮንፈረንስ ሬኮ ሲደርሱ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ሌሎቹ ኳየሮች ድንኳናቸውን ሁሉ ጉብታው ላይ ተክለዋል፤ ሸራው በነፋስ ይርገበገባል። ባርናባስ እሱን ሲያይ ዘገነነው። ልጆቹን እየመራ ቁልቁል ወረደና ከጅረቱ ዳር፣ እንሰት የከበባት አንዲት ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። የእንሰቱ ቅጠል ንቅንቅ አይልም።

"እሰይ! ነፋስ የሚባል የለም" አለ እጁን እያፋተገ።

ሶሎ የምትዘምረው ሩሃማ ሻንጣዋን እንደያዘች ወደ ላይ አንጋጠጠች። "ወንድም ባርናባስ፣ ምነው ከሌሎቹ አንድም ሰው እዚህ አልወረደም?"

"ድምፃቸውን ስለማያከብሩ ነዋ።"

ይዞ የመጣውን ካርቶን ሲከፍት ዝንጅብል አለ፣ ማር አለ፣ ሎሚ አለ፣ ለሁሉም የሚዳረስ የአንገት ልብስ አለ። ለጉሮሮ የሚሆን ነገር አልጎደለም። ለቆዳ ማን አሰበ?

ልምምድ እንደ ጀመሩ ትንኝ መጣች። ትንኝ ስላችሁ ታዲያ ያቺ እየዘፈነች የምትመጣው ቢንቢ እንዳትመስላችሁ። ቢንቢ እንኳ ጨዋ ናት፣ መጣሁ ትላለች። ይቺኛዋ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም፤ ድምፅ የላት፣ መልክ የላት፤ መኖሯ የሚታወቀው ከነከሰች በኋላ ነው። ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። አፉን የከፈተ ዋጣት፣ አፉን የዘጋ በአፍንጫው ሳባት። አልጣሽ ካልሲዋን አውልቃ እጇ ላይ አጠለቀች፤ ወዲያው እግሯን ተነከሰችና መልሳ ወደ እግሯ አወረደችው።

"ባይሆን ትንሽ እናጭስ" አለች መጨረሻ ላይ።

"ጭስ? ለዘማሪ? አብደሻል እንዴ!"

"እንግዲያው ወደ ላይ እንውጣ" አለች ሩሃማ ክንዷን እየመታች። "ትንኝ ነፋስ አትችልም። ላይኛዎቹን እያቸው፣ አንድ የሚያክ ሰው አለ?"

"ነፋስ ከመታሽ ነገ በምን ድምፅሽ ልትዘምሪ ነው?"

"ትንኝ ከበላችኝስ በምን አፌ?"

ይህን ብላ የድንኳኗን ካስማ ነቀለች። እየተቆጣች ነው የነቀለችው። አልጣሽ ተከተለቻት። ከዚያ አንዱም አንዱም "ይቅርታ ወንድም ባርናባስ" እያለ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። የኪቦርዱ ልጅ እንኳ ኪቦርዱን አቅፎ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል ይሏል ይህ ነው፤ ኳየሩ በሙሉ ነፋስ ላይ ተሰጣ።

ባርናባስ በኩራቱ ታች ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ዚፑን ግጥም አድርጎ ዘጋ፤ ትንኞቹን ከውስጥ አስቀርቶ መሆኑ ነው። የአንገት ልብሱን ጉሮሮው ላይ ጠመጠመና ተጋደመ። ያቺ ጉሮሮ ብቻ ተረፈች። ከጆሮው እስከ ባቱ ያለው የትንኝ ግብር ሆኖ አደረ። ትንኟ ግን አልነበረችም ያስጨነቀችው። ድምፃቸው ቢዘጋስ? ጋሽ ቶሌራ ደግመው ቢጠሩኝስ? ከእነዚህ ልጆች ተለይቼ ምን ልሆን ነው? እያለ አለቀሰም።

ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባርናባስ ጆሮው አብጦ፣ እጅጌውን እስከ ጣቱ ስቦ ኳየሩ ፊት ቆመ። ጋሽ ቶሌራ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እጁን አነሳ። ሩሃማ አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። የአልጣሽም ወጣ። የሁሉም ወጣ! ነፋስ ምንም አልወሰደባቸውም። ባርናባስ በልቡ "ተመስገን" አለ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ከጀርባው አንድ ሰው ረጅም ማዛጋት ሲያዛጋ ሰማ። ሌላም ተከተለ። ድምፁ እያለ፣ መስኮት ዘግተው መጥተው፣ ሕዝቡ ሊተኛ ነው! ያን ጊዜ ገባው። ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። እንደ ካስማ ተተክዬ እነሱንም ተክያቸው ነው።

ልቡ እንዲህ ስብር እንዳለ ክንዱ ላይ ያለችው ንክሻ ተነሳችበት። ቻለ፣ ቻለ፤ አዝማቹ ላይ አልቻለም። በመዳፉ ጧ! አደረጋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባርናባስ ልጆቹን ለዓመታት ያስተማረው "ዓይናችሁ እጄ ላይ ይሁን፤ እጄ ያደረገውን አድርጉ" እያለ ነው። አሁን ግን ማንም አልተነቃነቀም፤ ስህተት መሆኑን ሁሉም አውቋል። ባርናባስ አፈረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሩሃማ ያን ፊት አየች። ጉብታው ላይ በሰላም ያደረችው ሩሃማ የራሷን ክንድ ጧ! አደረገች።

አልጣሽ ቀጠለች። ከዚያ ኳየሩ በሙሉ ጧ! አለ፣ ልክ ምቱ ላይ። ባርናባስ ዓይኑን ገለጠ። ጆሮውን አከከ፤ ሁሉም ጆሮውን አከከ። ባቱን ሊያክ ጎንበስ አለ፤ ሁሉም ጎንበስ አለ። የኪቦርዱ ልጅ ምቱን አፈጠነው። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሳ፤ የጪጩ ኳየር ሳይቀር ክንዱን እየመታ አብሮ ዘመረ። ባርናባስ ሰውነቱን እንደ ልቡ እያከከ በሕይወቱ እንደዚያ መርቶ አያውቅም።

ሲጨርሱ ጋሽ ቶሌራ በላብ ርሰው መጡ። "ልጄ፣ ይህን እንቅስቃሴ የት ተማራችሁት?"

"ታች ጅረቱ ዳር፣ ጋሼ።"

"ለጪጩዎቹም አስተምሩልን" አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የተመታው ቦታ ያሳክክ ስለነበር ባርናባስ ደስታው እጥፍ ሆነ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም በልማዱ መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ባርናባስ ከሩሃማ አጠገብ ያለችውን ቦታ ያዘ።

"ቅድም ለምን ተከተልሽኝ?" አላት።

"እጄን እዩ ያልከው አንተ አይደለህም?" አለችና ሳቀች።

ባርናባስ ተነስቶ በላይዋ ተንጠራራና መስኮቱን ከፈተው።

"ኧረ ወንድም፣ ዝጋው፣ ይመታናል!" አለ ሹፌሩ።

"ይምታን" አለ ባርናባስ፤ ወደሚቀጥለውም መስኮት ሄደ።