የምክትሉ እርሳስ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሠራተኞች ምክትሉን «ፍሬኑ» ብለው ይጠሩታል። ስሙን ያወጣችለት ቀለም ቀቢዋ ናት። አለቃው ልባቸው ለሰው ሁሉ ክፍት፣ አንደበታቸውም «እሺ» ለማለት የፈጠነ በመሆኑ፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ቤቱ ቁልቁለት የያዘ መኪና በሆነ ነበር ትላለች። ምክትሉ በስሙ አይከፋም። ሚስቱ ግን ትስቅበታለች፤ ቀን ሙሉ አለቃውን የሚያቆም ሰው ቤቱ ሲገባ አንዲት ሴት ልጁን ማስቆም ያቅተዋል እያለች።

ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት የጸና ደንብ ነበራቸው። በደንበኛ ፊት የሚናገሩት አለቃው ብቻ ናቸው። ምክትሉ ያልተስማማ እንደሆነ ከጆሮው ላይ የሚሰካውን እርሳስ አንሥቶ ደረት ኪሱ ይከተዋል። አለቃውም ይህን ሲያዩ «እስቲ ላስብበትና ልንገርዎ» ይላሉ። ከዚያ ኮላ ወደሚቀመጥበት ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው እንደ ልባቸው ይከራከራሉ። ሲወጡ አንድ ቃል ይዘው ይወጣሉ፤ የማን ሐሳብ እንደረታ ሌላ የሚያውቅ የለም።

አንድ ጠዋት የአዲሱ ክሊኒክ ሐኪም መጣች። ክሊኒኩ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ በሮቹን ሊሠራ የተዋዋለው ሰው ሥራውን ጥሎባት ጠፍቶ ነበር። ዐሥር በር ያስፈልጋታል። እንባዋን እየዋጠች ስትናገር የአለቃው ፊት እየለሰለሰ ሲሄድ ምክትሉ አየ። ደረቁ ጣውላ ለሦስት በር ብቻ እንደሚበቃ፣ የቀረው ግን ገና እርጥብ እንደሆነ ያውቃል። በእርጥብ እንጨት የተሠራ በር ብዙም ሳይቆይ ይጣመማል፤ የአለቃው ስምም አብሮት። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ያገኘው ጸጉር ብቻ ነው፤ እርሳሱን ልጁ ለቤት ሥራዋ ወስዳ አልመለሰችለትም። ቢቸግረው ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

«ምነው፣ ጆሮህን ምን ነካው?» አሉት አለቃው በአዘኔታ፤ ወዲያውም ወደ ሐኪሟ ዞረው «ዐሥሩም ይደርሳል፤ ቃሌ ነው» አሏት።

ምክትሉ ደንቡን አላፈረሰም። ሐኪሟን እስከ ውጭ ሲሸኝ ግን፣ በመክፈቻው ቀን ያለ በር ከቶ የማይሆኑላት ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቃት። ማዋለጃው፣ መመርመሪያውና መድኃኒት ቤቱ ናቸው አለችው። ይህንን ይዞ ኮላ ክፍሉ ገባ፤ አለቃውም ተከተሉት።

«ጋሼ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ።»

ሦስቱን በር አሁን፣ የቀሩትን ጣውላው ሲደርቅ መሥራት እንደሚቻል፣ እስከዚያም ለሌሎቹ ክፍሎች መጋረጃ እንደሚበቃ አስረዳቸው። ጥፋቱንም በራሱ ሊያደርግ ፈለገ፤ ጣውላውን ሳላይ አለቃዬን አሳሳትኋቸው ብዬ ሄጄ ልንገራት አለ። አለቃው ጠረጴዛው ላይ የደረቀውን ኮላ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

«የቸኮልሁት እኔ ነኝ፤ የምነግራትም እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ግን አብረኸኝ ና። መውጫውን ያገኘኸው አንተ ነህ።»

አብረው ሲሄዱ ክሊኒኩ ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። አለቃው ነገሩን ሳያድበሰብሱ ተናገሩ። ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ። እሷ ግን ባዶዎቹን ክፍሎች አንድ በአንድ ዞራ ካየች በኋላ፣ ሦስቱ በጊዜያቸው ከደረሱ የቀሩትን እንደምትታገሥ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ይህን ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ጊዜ እርሳሱ ጆሮው ላይ አልነበረም» አሉ አለቃው ኮስተር ብለው።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። ምክትሉ ሳቁን ለመደበቅ ጀርባውን ሰጥቶ የማዋለጃውን መቃን መለካት ጀመረ።

ሦስቱ በሮች በመክፈቻው ዋዜማ ተገጠሙ፤ በአንድ ጣት ሲገፏቸው ያለ ድምፅ ይዘጉ ነበር። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ሥራ ቤቱ መጣ። አለቃው ወደ እንግዳው ከመሄዳቸው በፊት ቆም ብለው የምክትሉን ጆሮ ተመለከቱ። እርሳሱ በቦታው አለ። ቢሆንም ከኪሳቸው አዲስ እርሳስ አውጥተው በሌላኛው ጆሮው ላይ ሰኩለት።

«አሁን እንሂድ» አሉ።

ምክትሉ በሁለት እርሳስ መሐል አንገቱን ቀና አድርጎ ተከተላቸው። ቀለም ቀቢዋ ብሩሿን አስቀምጣ ከኋላው አየችውና፣ ለፍሬናችን የእጅ ፍሬንም ተጨመረለት አለች።